ቀበሮውን ያቀረበ ሌንስ በጉንም ያቀርባል

የዱር እንስሳት ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ ልግዛ?» መልሱም ያው ነው፦ «አቅምህ የቻለውን ያህል ረጅም።» ምክሩ ከጀልባ ላይ ዓሣ ነባሪ ለሚያነሳ ሰው ምክንያት አለው። ባሕር ላይ ወርዶ መጠጋት የለም፤ ርቀቱን የሚወስነው እንስሳው ነው። ይኸው ምክር ግን እንዳለ ተገልብጦ መንዝ ጓሳ ሲደርስ ችግር ያመጣል። ጓሳ ውስጥ እኮ የምንሄደው በእግራችን ነው። የት እንደምንቆም የምንመርጠውም ብዙ ጊዜ እኛው ነን። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚህ ላይ ነው፦ ፎቶው የሚናገረውን ከሌንሱ ርዝመት ይልቅ የቆማችሁበት ቦታ ይወስነዋል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል መጠን በቀላሉ ይሰላል፤ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት በእንስሳው መጠን አባዝታችሁ ለርቀቱ ታካፍላላችሁ። ቀይ ቀበሮ ጅራቱን ሳይጨምር 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ300 ሜትር ብታነሱት ምስሉ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ነውና ቀበሮው የሚይዘው ከስፋቱ 18ኛውን እጅ ብቻ ነው። በ400 ሚሊ ሜትር ከ50 ሜትር ስታነሱት ግን 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አጭሩ ሌንስ በአራት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። ርቀትን በገንዘብ ማካካስ እስከተወሰነ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

በዚያ ላይ አየሩ አለ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። መሬቱ ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየር እኩል አይሞቅም፤ ብርሃኑ በሙቁና በቀዝቃዛው አየር መካከል ሲያልፍ ይታጠፋል። በቀትር አስፋልት ላይ ሲንቀጠቀጥ የምታዩት ነገር ማለት ነው። ረጅም ሌንስ ቀበሮውን ሲያጎላ ይህንንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። ከ300 ሜትር የተነሳ ፎቶ ደብዝዞ ሲመጣ ሌንሱን መውቀስ ይቀናናል፤ ጥፋቱ ግን የሌንሱ ላይሆን ይችላል። ማለዳ ተነስቶ መጠጋት ከአዲስ ሌንስ የተሻለ መድኃኒት ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ጥራት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን እውነቱ ነው። ቀበሮው ከእናንተ 300 ሜትር ላይ ቆሟል እንበል፤ ከኋላው በ60 ሜትር ርቀት በግ ይግጣል። በጉ ከእናንተ 360 ሜትር ነው፤ ስለዚህ በፎቶው ላይ የሚታየው ከቀበሮው አጠገብ ቢቆም ሊኖረው በሚችለው መጠን 83 በመቶ ሆኖ ነው። ልዩነቱን ዓይን አያስተውለውም። ሁለቱ ጎን ለጎን የቆሙ ይመስላሉ። አሁን ወደ 60 ሜትር ተጠግታችሁ አንሱት። በጉ 120 ሜትር ላይ ስለሚሆን መጠኑ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳም ይታያል። ቀበሮውም በጉም ንቅንቅ አላሉም፤ የተንቀሳቀሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ይሄ የባለሙያ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚበላው አይጥ ነው። ከሩቅ ተነስቶ በስልክ የሚዞር አንድ ፎቶ ግን በግ ላይ ያደባ ሊያስመስለው ይችላል። በጓ የሞተችባት እናት ፎቶውን ስታይ «ከስንት ሜትር ተነሳ?» ብላ አትጠይቅም፤ መጠየቅም ያለባት እሷ አይደለችም። ጓሳን ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሣሩን በተራ እየከለከለና እየከፈተ ያቆየው የአካባቢው ሕዝብ ነው። አውሬውና ሕዝቡ አብረው መኖራቸው በመተማመን ላይ የቆመ ነው፤ የተሳሳተ ምስል ደግሞ መተማመንን ይሸረሽራል።

ተቃራኒውም አለ፤ ረጅም ሌንስ የሌለውን ቅርበት እንደሚፈጥር ሁሉ ያለውን ቅርበት ይቆርጣል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ጓሳ ላይ ሠርተው በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ያህል ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ጓሳን በዓለም ያስጠራው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ታዲያ በ600 ሚሊ ሜትር የቀበሮውን ፊት ብቻ ሞልታችሁ ስታነሱ ምን ቀረ? ጭላዳው የለም፣ ሣሩ የለም፣ ግንኙነቱ የለም። መልከ መልካም እንስሳ ነው፤ ታሪኩ ግን ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል።

ጭላዳን ለብቻው ስታነሱም ቢሆን ያው ነው። ሰው የለመደ መንጋ በ10 ሜትር ርቀት ሣሩን እየነጨ ይቀመጣል እንበል። በ400 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ/5.6፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ስንዝር ነው። አንዱ ጠርቶ ጎረቤቱ ይደበዝዛል። በ100 ሚሊ ሜትር ግን ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይታያል።

እና ምን እንያዝ? እኔ የምመርጠው ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም ነው፤ ለሰፊው ሜዳ ደግሞ አንድ አጭር ሌንስ ወይም ስልካችሁ ይበቃል። ከዓሣ ነባሪ አንሺዎች መውሰድ ያለብንም ይህንን ነው፦ እንስሳው የት ብቅ እንደሚል ስለማይታወቅ ዙም ይጠቅማቸዋል። 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ/4 ሌንስ ብቻውን 3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ዳገት እየወጡ መሸከም ቀልድ አይደለም። ከውርጩ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ደግሞ ሌንሱን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ግቡ፤ እስኪሞቅ አትፍቱት፣ አለበለዚያ እርጥበት ያርፍበታል።

«ረጅም ሌንስ እንስሳውን እንዳንረብሽ ያደርገናል» የሚል ሰው ልክ ነው። ቡችሎች ያሉበት ጉድጓድ አጠገብ መጠጋት አይገባም፤ እዚያ ሩቅ ቆማችሁ የምታገኙትን ትንሽ ምስል ተቀበሉ። በሌላ ጊዜም ቀበሮው ሥራውን ትቶ እናንተን ካየ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ተመለሱ።

ብቻ ፎቶውን ስታጋሩ ሥሩ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በ600 ሚሊ ሜትር፣ ከ300 ሜትር፤ በጉ ከቀበሮው 60 ሜትር ይርቃል።» ካሜራው የሌንሱን ርዝመት ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል፤ በጉ ከቀበሮው ምን ያህል እንደራቀ ግን የሚያውቀው እዚያ የቆመው ሰው ነው።