ስለ ስም አፈታት

ነፋስ ስልክን «ነፋስ» እና «ስልክ» ብሎ የከፈለ ሰው ትርጉሙን አላገኘም። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሽቦ ማለት ነው፤ «የነፋስ ስልክ» ግን ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈው ቴሌግራፍ ቀድሞ የተጠራበት ስም ነው። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

የሰው ስም በሚፈቱ የተማሪ ጽሑፎችም ተመሳሳይ ስሕተት እናያለን። «ምትኬ» በደፈናው «ምትክ» ተብሎ ይታለፋል። ዳሩ ግን በመጨረሻዋ ፊደል ውስጥ «የኔ» የሚል አለ፤ ተናጋሪው ወላጅ ነው፥ ከስሙም በስተኋላ ብዙ ጊዜ የቀደመ ሞት አለ።

«በላቸው»ስ? «ላ»ን አጥብቆ ያነበበ ከመብላት ያገናኘዋል፤ ሲላላ ግን «በለው!» እንደሚባለው ያለ የውጊያ ትእዛዝ ነው። ጽሕፈታችን ጥብቁን ከላላው አይለይምና፥ እንደ እኛ አስተያየት ስም የሚጠና በጆሮ ነው። «እነርሱ» የተባሉትም እነማን እንደ ሆኑ የሚያውቀው ስሙን ያወጣው አያት ነው።