ኪውጂአይኤስ «ስታክ» ሲያደርግ ጥፋቱ የማን ነው?

ጉለሌን የያዘው የኤስአርቲኤም የከፍታ ፋይል 3601 በ3601፣ ማለትም ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ አለው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ተዳፋት ለማስላት ራሳችሁ የጻፋችሁትን የፓይተን ፕለጊን ኪውጂአይኤስ ላይ አስጀምሩት። መስኮቱ ነጣ ይላል፣ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ስታክ አደረገ እንላለን፤ ኮምፒውተሩንም እንረግማለን።

ኮምፒውተሩ ግን እየሠራ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ አስቡ። ፋይላችሁን ሊፈልግ ራሱ መዝገብ ቤት ከገባ ሰልፉ ይቆማል። «ተውት፣ ይቅርብኝ» ብትሉ እንኳ የሚሰማችሁ የለም። ማውሱን፣ ኪቦርዱንና ስዕሉን የሚያስተናግደው ዋናው ትሬድም እንዲሁ ነው። 5 ሰከንድ ያህል መስኮቱ ላይ ከጠፋ ዊንዶውስ ፕሮግራሙን እንደ ደረቀ ይቆጥረዋል። መፍትሔው መዝገብ ቤት ሌላ ሰው፣ ማለትም ሌላ ትሬድ መላክ ነው።

ኪውጂአይኤስ ይህንን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 2.4 የካርታ መሳሉን ሥራ ከዋናው ትሬድ አወጣው፤ በ2018 የወጣው 3.0 ደግሞ ፕለጊን ጸሐፊዎች ሥራቸውን ከጀርባ የሚያስኬዱበትን «ታስክ» አመጣ። ጥሩ ሥራ ነው።

ቅሬታዬ ቀላሉ መንገድ የተሳሳተው መንገድ መሆኑ ላይ ነው። ቁልፍ ሲጫን በሚጠራው ፋንክሽን ውስጥ የምትጽፉት ሁሉ፣ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ዋናው ትሬድ ላይ ይሮጣል። በትንሽ የልምምድ ፋይል ስለማይታወቅ ብዙዎቻችን ሳናየው እናልፋለን። ታስክ ስትጠቀሙም ሰነዱ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል፦ ከጀርባ ያለው ትሬድ መስኮቱንም ሆነ ዋናው ትሬድ ላይ የሚኖሩ ሌየሮችን እንዳይነካ። ብትነኩ ግን ሁልጊዜ የስህተት መልእክት አይመጣም። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ፕሮግራሙ እንዳለ ድርግም ይላል። እንዲህ ያለውን ስህተት መፈለግ ያሳብዳል።

ከሁሉ የምጠላው አቋራጭ ደግሞ ሉፑ ውስጥ «ፕሮሰስ ኢቨንትስ» እየጠሩ መስኮቱን ማታለል ነው። ሠራተኛው መዝገብ ቤት ሆኖ በየደቂቃው ብቅ እያለ «አለሁ» እንደማለት። ተጠቃሚው መስኮቱ ሕያው ሲመስለው «አስላ»ን ደግሞ ይጫናል፤ የመጀመሪያው ስሌት ሳያልቅ ሁለተኛው በላዩ ይጀምራል። እኔ በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙን በግድ ዘግቼ፣ ግማሽ ቀን የሣልኳቸውን የቤት ጣሪያዎች አጥቻለሁ። ሴቭ ያልተደረገ ሥዕል ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው ያለው። ፕለጊኑ የራሴ ነበር፣ ማንንም አልወቅስም።

ትሬድ ስሌቱን ያፈጥናል ብላችሁም አትጠብቁ፤ በተለመደው ፓይተን በአንድ ጊዜ የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው አንድ ትሬድ ብቻ ነው። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ስሌቱን ለነምፓይ ወይም ለጂዳል ስጡት። ትሬዱ የሚሰጣችሁ የሚሠራ «ሰርዝ» ቁልፍ ነው፤ እሱም ቢሆን በራሱ አይሠራም። ቁልፉ ምልክት ብቻ ነው የሚያኖረው። ምልክቱን አይቶ መቆም ያለበት የእናንተ ሉፕ ነው። በየረድፉ አንዴ ብታዩት ለመላው ፋይል 3601 ጊዜ ነው፤ ከ13 ሚሊዮኑ ስሌት አንጻር ምንም አይደለም።