ስለ አባ ዮሐንስ ሐጺር ደረቅ እንጨት፤ የታሪኩ አነጋገርና የሰባክያን አተራረክ

ባለፈው ጥቅምት 20 ቀን በሐዋሳ ከተማ፣ ምሥራቅ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ በአንድ ደብር ዐውደ ምሕረት ተገኝቼ የአባ ዮሐንስ ሐጺር ዜና ሲሰበክ ሰማሁ። ሰባኪው ወጣት፣ ድምፁ ያማረ፣ አንደበቱም የተፈታ ነበር። በገዳመ አስቄጥስ መምህሩ አባ ባሞይ ደረቅ እንጨት ሰጥተው ተክለህ አጠጣው እንዳሉት፣ እርሱም ሳይከራከር 3 ዓመት እንዳጠጣው፣ እንጨቱም ለምልሞ እንዳፈራ በጥቂት ቃል ከተናገረ በኋላ፣ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ስለ ፍሬው ሲያብራራ ዋለ። የታዘዘ ሹመት ያገኛል፤ የታገሠ ቤቱ ይሞላል፤ ዝም ያለ ይከበራል አለ። ስብከቱ ሲፈጸም በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ቀርበው «ልጄ፣ ውኃው ምን ያህል ይርቅ ነበር?» ብለው ጠየቁት። እርሱም በትሕትና ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ እርሱን ይተዉት፤ ፍሬውን ይመልከቱ» አላቸው።

በእኔ አስተያየት ግን በዚያ ቀን ከተሰበሰብነው ሁሉ ታሪኩን በሚገባ የሰሙት እኒያ እናት ብቻ ናቸው። ውኃ በእንስራ ተሸክሞ የሚያውቅ ትከሻ የጠየቀው ጥያቄ ነበርና። በአበው ዜና እንደ ተጻፈው ውኃው እጅግ ሩቅ ስለ ነበረ ዮሐንስ ማታ ሄዶ የሚመለሰው ጧት ነበር። ይህችን አንዲት ነገር ከታሪኩ ብናወጣት የሚቀረው ምንድር ነው? አንድ ሰው እንጨት ተከለ፤ እንጨቱም አፈራ። ይህ ተአምር ነው እንጂ የትዕግሥት ታሪክ አይደለም። ትዕግሥቱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው፤ በሌሊቱ፣ በብርዱ፣ ምንም ለውጥ ወደማይታይበት እንጨት ባዶ እንስራ ሞልቶ በመመለሱ ላይ ነው።

በቅኔ ቤት ሰሙ ያልጠና ቅኔ ወርቁ አይቀበሉትም። እኔም በልጅነቴ ወርቁን አስቀድሜ አስቤ ሰሙን በግድ የለጠፍሁበት አንድ ጉባኤ ቃና ብናገር፣ የኔታ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ወርቅህ መልካም ነው፤ የሚቀመጥበት ግን የለውም» ብለው መለሱኝ። ያን ዕለት አዘንሁ፤ ዛሬ ግን ስብከት በሰማሁ ቍጥር ቃላቸው ትዝ ይለኛል።

ሰባኪው የተወው ሌላም ነገር አለ። ይኸው ዮሐንስ በወጣትነቱ እንደ መላእክት ያለ ሥራና ያለ አሳብ ሊኖር ወድዶ፣ ልብሱን ጥሎ ወደ በረሓ ሄዶ ነበር። በሳምንቱ ተመልሶ የወንድሙን በር ቢመታ፣ ወንድሙ ዮሐንስ መልአክ ሆኗል፣ ከሰው መካከል የለም ብሎ እስኪነጋ ደጅ አሳደረው፤ ኋላም ሰው ከሆንህ ልትበላ መሥራት ይገባሃል አለው። እንግዲህ ትዕግሥት ለዮሐንስ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ ጠባይ አልነበረም፤ ተርቦና አፍሮ የተማረው ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ መምህሩ ብዙ ዓመት ታመው እርሱ ሲያገለግላቸው ኖሮ፣ በሚያርፉበት ሰዓት ለአረጋውያኑ ሲያስረክቡት ይህ መልአክ ነው እንጂ ሰው አይደለም እንዳሉ መነገሩ ነው። ወንድሙ በሽሙጥ ያወጣለትን ስም መምህሩ በእውነት መለሱለት። ይህን የመሰለ ኅብር በእጃችን ሳለ ስለ ሹመት መስበካችን ያሳዝናል።

ከተማሩት ወዳጆቼ አንዱ ይህን ስነግረው ሳቀና «ደረቅ እንጨት የሚያስጠጣ አለቃ ቢያዝዘኝ ሥራዬን እለቅ ነበር» አለኝ። ሳቁን አልነቅፍበትም። ደግሞም ታሪኩ ያለ ፍሬ የተነገረበት ስፍራ አለ። ካስያኖስ የተባለው መነኩሴ በግብፅ ገዳማት ኖሮ፣ ኋላም በፈረንጆች አገር በማርሴይ ገዳም መሥርቶ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በላቲን በጻፈው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር ስለ ሌላ ዮሐንስ፣ በአስዩጥ አገር ስለ ነበረው፣ ይተርካል። በእርሱ አተራረክ ዮሐንስ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ስፍራ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ እያመጣ አንድ ዓመት ያጠጣል፤ በሕመምም በበዓልም አያቋርጥም። በመጨረሻም ሽማግሌው እንጨቱ ሥር ሰድዷልን ብለው ይጠይቁታል፤ አላውቅም ይላል፤ እርሳቸውም ነቅለው ይጥሉታል። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ይህን ስታነብ፣ አንባቢ ሆይ፣ ትደነግጣለህ። ዳሩ ግን የካስያኖስ አነጋገር አንድ ነገር ያጠራልናል፤ ፍሬ ተስፋ አድርጎ ያጠጣ ሰው ነጋዴ ነው እንጂ ታዛዥ አይደለም። ጉድለቱም አለው፤ ሽማግሌው ፈታኝ ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ ፍቅራቸው አይታይም። ስለዚህ እኔ የራሳችንን እመርጣለሁ። ነገር ግን የእርሱን ባላነብ ኖሮ የራሳችንን እንደዚያ ሰባኪ በፍሬው በኩል ብቻ ባነበብሁት ነበር።

የታሪኩን ዋና ነገር የሚያበላሸው ለአዛዦች መሣሪያ ሲሆን ነው። ደመወዙ የዘገየበትን አገልጋይ፣ ስለ ሒሳብ የጠየቀውን ምእመን በዚህ ታሪክ ዝም የሚያሰኙ አሉ። እነዚህ የማይመለከቱት ከዚያ እንጨት መምህሩ ምንም እንዳልተጠቀሙበት ነው። በግእዝ ሰምዐ ማለት ሰማም ታዘዘም ማለት ነው፤ ራሱ የማይሰማ ሰው የሚሰማው ሊፈልግ እንዴት ይቻለዋል? አቡነ ጴጥሮስም በመታዘዝ ያደጉ መነኩሴ ነበሩ፤ ጣልያን አርበኞቹን እንዲያወግዙ ባዘዛቸው ጊዜ ግን እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሞቱ። ያ እምቢታ ከመታዘዛቸው የወጣ እንጂ የሚቃረነው አይደለም።

ወደ እንጨቱ ልመለስ። ባፈራ ጊዜ መምህሩ ፍሬውን ቆርጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱ፤ የመታዘዝን ፍሬ እንዲበሉም ለወንድሞች ሰጡ። ዮሐንስ ከዚያ ቀምሶ እንደ ሆነ ግን ባነበብሁት ሁሉ አልተጻፈም።