ዒላማው የት ጠፋ? «ሮሜዮና ጁልየት» በዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙው ተማሪ ከሼክስፒር ጋር የሚተዋወቀው ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ በ«ሮሜዮና ጁልየት» ነው። ለምን ይህ ተውኔት እንደተመረጠ ለመገመት አያስቸግርም፤ ጁልየት 14 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀራታል፣ አንባቢዋም በዚያው ዕድሜ ላይ ነው። ንባቡ ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ አንድ የተለመደ የጽሑፍ ሥራ ይከተላል፦ የዋናውን ገጸ ባሕርይ «የባሕርይ እንከን» ለይታችሁ አውጡ፤ ከተውኔቱ ማስረጃ አቅርቡ፤ እንከኑ ለሞት እንዴት እንዳበቃው አስረዱ። የሚጠበቀው መልስ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው፦ ችኮላ። ሮሜዮ ቸኩሎ አፈቀረ፣ ቸኩሎ አገባ፣ ቸኩሎ ገደለ፣ ቸኩሎ ሞተ። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ይህ ጥያቄ ተማሪውን ከተውኔቱ ያርቀዋል የሚል ነው። ሼክስፒር ቬሮናን የሠራት ሁሉም የሚቸኩልባት፣ ማንም ግን የሚያውቀውን ማወቅ ለሚገባው ሰው የማይናገርባት ከተማ አድርጎ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የልጁ እንከን ምንድን ነው?» ተብሎ ሳይሆን «ማን ምን ያውቅ ነበር? ለማንስ መናገር አልቻለም?» ተብሎ ነው።

የእንከኑ ትምህርት ሥልጣን የሚያገኘው ከአርስቶትል ስም ነው። አርስቶትል በ«ፖኤቲክስ» 13ኛ ምዕራፍ፣ የትራጄዲ ሰው እጅግ ጻድቅም እጅግ ክፉም ሳይሆን በአንድ «ሐማርቲያ» ምክንያት ከደስታ ወደ መከራ የሚወድቅ ሊሆን ይገባል ይላል። ቃሉ የወጣበት ግሪክኛ ግስ ጦር ወርዋሪ ዒላማውን ሳተ ለማለትም ያገለግል ነበር። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአዲስ ኪዳን «ሐማርቲያ» የሚለውን ቃል ግዕዙ «ኀጢአት» ብሎ ተርጉሞታል፤ «ኀጥአ» ደግሞ በደለ ማለት ብቻ ሳይሆን አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለትም ነው። የአማርኛው «አጣ» የዚያው ሥር ልጅ ነው። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ ቀድሞ ያለው መሳት ነው፤ የሚስተውም ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ማየት ያለበትን ስላላየ ነው። የእንግሊዝኛው የትምህርት ቤት ልማድ ግን ሐማርቲያን በሰውየው ውስጥ አብሮት የተወለደ ስንጥቅ አደረገው። ለዚህ ንባብ መስፋፋት እ.ኤ.አ. በ1904 የታተሙት የሃያሲው የኤ. ሲ. ብራድሊ የሼክስፒር ትምህርቶች ብዙ አግዘዋል። ብራድሊ በዝርዝር የመረመራቸው ግን «ሐምሌት»፣ «ኦቴሎ»፣ «ንጉሥ ሊር» እና «ማክቤዝ» ናቸው፤ «ሮሜዮና ጁልየት» ከአራቱ አንዱ አይደለም። ለአራቱ የተሰፋ ልብስ ለአምስተኛው ሳይለካ ተሰጠ ማለት ነው።

የችኮላው መልስ ሌላም ታሪካዊ ችግር አለበት። የሼክስፒር ዋና ምንጭ አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 ያሳተመው ረጅም የእንግሊዝኛ ግጥም ነው። ብሩክ ለአንባቢ በጻፈው መቅድም ሁለቱን ወጣቶች ይወቅሳል፤ ለፍትወት እጃቸውን የሰጡ፣ የወላጆቻቸውን ምክር የናቁ፣ ወደ ሞት የተጣደፉ ናቸው ይላቸዋል። (የግጥሙ አካል ከመቅድሙ ይልቅ እንደሚራራላቸው መመስከር ይገባል።) ሼክስፒር ታሪኩን ሲወስድ ያንን ወቀሳ ጣለው። በቦታው ያስቀመጠው መክፈቻ 14 መስመር ያለው ሶኔት ሲሆን፣ የሚጀምረውም ከልጆቹ ሳይሆን ከሁለቱ ቤቶች ነው፤ የልጆቹ ሞት የወላጆቻቸውን ጠብ እንደቀበረ አስቀድሞ ይነግረናል። ከዚህም በላይ ብሩክ በወራት የዘረጋውን ታሪክ ከእሑድ ጧት እስከ ሐሙስ ንጋት አጠበበው፤ 16 ዓመት የነበራትንም ልጅ 13 ላይ አወረዳት። ጊዜውን ያጣደፈው ደራሲው ነው፤ የተጣደፈውም በሁሉም ላይ ነው። ዛሬ በክፍል ውስጥ «ተጣድፈው ሞቱ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሳያውቀው ሼክስፒር የጣለውን የብሩክን መቅድም እየጻፈ ነው።

የአዋቂዎቹን ችኮላ ለማየት የጁልየትን አባት መከተል ይበቃል። በመጀመሪያው ገቢር፣ ሁለተኛው ትዕይንት ፓሪስ ለጋብቻ ሲጠይቀው ካፑሌት ልጅቷ ገና ናት፣ ሁለት ክረምት ይለፍ ይላል፤ የእሱ ፈቃድ የልጅቷን ፈቃድ ተከትሎ የሚመጣ መሆኑንም ይናገራል። ሌሎቹን ልጆቹን አፈር የበላበት አባት ነው፣ የቀረችለት እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ማታ፣ ሮሜዮ የገደለው የቤተሰቡ ዘመድ የቲባልት ሬሳ ገና ሳይቀበር፣ ይኸው አባት ልጁን ሳይጠይቅ ለፓሪስ ይሰጣታል፤ ረቡዕ ቅርብ ነው፣ ሐሙስ ይሁን ይላል። ማክሰኞ ደግሞ ጁልየት ይቅርታ ስትጠይቀው ደስታውን መያዝ አቅቶት ሠርጉን ወደ ረቡዕ ይስበዋል። ይህች አንድ ቀን ሁለቱን በምስጢር ያጋባው መነኩሴ ሎሬንስ ጁልየትን እንደሞተች በሚያስተኛ መድኃኒት ከሠርጉ ለማስጣል ያወጣውን ዕቅድ አጣብባለች፤ እሷም መድኃኒቱን የምትጠጣው በዚያው ሌሊት ነው። ችኮላ እንከን ከሆነ በዚህ ተውኔት የእንከኑ ትልቁ ባለቤት ካፑሌት ነው። ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ሥራው ላይ ስሙ አይነሣም።

የተውኔቱ ልብ በእኔ ፍርድ ሦስተኛው ገቢር፣ አምስተኛው ትዕይንት ነው። ሮሜዮ ጎሕ ሲቀድ በመስኮት ወርዶ ሄዷል። እናት ትገባና የሠርጉን ቀን ትነግራለች። ጁልየት እምቢ ስትል አባት ይደርሳል፤ እጁ እንደሚያሳክከው ይናገራል፣ ካላገባሽ ከቤቴ ውጪ፣ ለምኚ፣ ተራቢ፣ ጎዳና ላይ ሙቺ ይላታል። ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ አንድ ቃል ብቻ እንዲሰማት ትለምናለች፤ አይሰማም። አባት ሲወጣ ወደ እናቷ ትዞራለች፤ ሠርጉን ለአንድ ወር፣ ካልሆነም ለሳምንት እንድታዘገይላት ትማጸናለች። እናት ከእንግዲህ አታናግሪኝ ብላ ትወጣለች። የቀረችው ጡት ያጠባቻት ሞግዚት ናት። ጋብቻውን የምታውቀው፣ የገመዱን መሰላል ያመጣችው እሷ ናት፤ ምክሯ ግን ፓሪስን አግቢ የሚል ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስት በሮች ተዘጉ። በተለይ የሚከነክነው ልመናዋ ነው፤ «ችኩል» የተባለችው ልጅ የምትለምነው ጊዜ ነው፣ ጊዜ የሚነፍጓት ደግሞ አዋቂዎቹ ናቸው። ይህን ትዕይንት ቀስ ብሎ ያነበበ ተማሪ «የጁልየት እንከን» የሚለውን ሐረግ ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል።

የችኮላው ንባብ ደጋፊዎች ማስረጃ የላቸውም ማለት አይደለም። መነኩሴው ሎሬንስ ራሱ ሮሜዮን ቀስ በል፣ የሚሮጥ ይደናቀፋል ብሎ ይመክረዋል፤ ሮሜዮም ጓደኛው መርኩሽዮ በቲባልት እጅ ሲገደል ቁጣው አሸንፎት ቲባልትን ይገድላል። ሁለተኛው እውነተኛ ስሕተት ነው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ነገር ግን ያ ሰው ከደቂቃዎች በፊት ስድብ ውጦ አልዋጋም ያለ፣ በመርኩሽዮና በቲባልት መካከል ገብቶ ሊገላግል የሞከረ ነው፤ መርኩሽዮ የተወጋውም በሮሜዮ ክንድ ሥር በተሰነዘረ ሰይፍ ነው። በምስጢር ጋብቻው የመጣውን ዝምድናቸውን ግን ለቲባልት ሊነግረው አልቻለም። የመነኩሴውም ምክር ከመካሪው ተግባር ጋር መነበብ አለበት፤ ቀስ በል ያለው ሰው በዚያው ቀን ያጋባቸዋል፣ ኋላም እውነቱን ለወላጆች ከመንገር ይልቅ ሕፃኗን 42 ሰዓት የሚያስተኛ መድኃኒት ያጠጣል።

ሌሎች ደግሞ እንከኑን ትተው ወደ ዕድል ይሄዳሉ፤ ከዋክብት የጻፉባቸው ናቸው ይላሉ። ሎሬንስ ስለ መድኃኒቱ ከቬሮና ተባርሮ ማንቱዋ ላለው ሮሜዮ የላከው ደብዳቤ ግን በከዋክብት አልጠፋም። ደብዳቤውን ወደ ማንቱዋ የሚያደርሰው መነኩሴ ጆን የጉዞ ጓድ ፍለጋ ገባ፤ የከተማው መርማሪዎች ወረርሽኝ አለበት ብለው በጠረጠሩት ቤት ውስጥ ዘጉበት። በሽታ ስለተፈራ መልሶ የሚያደርስለትም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ1592 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ የለንደን ቲያትር ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት ባብዛኛው ተዘግተው ነበር፤ የዚያ ዘመን ተመልካች የታሸገ በር ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ወረቀት በዘገየ ቁጥር ሰው የሚሞተው ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው፤ ሌላ መንገድ የጠፋው ደግሞ ሁለቱ ቤቶች ስለማይነጋገሩ ነው። መጨረሻው ላይ ሮሜዮ በመቃብሩ ውስጥ የጁልየትን ፊት ያያል፤ ከንፈሯና ጉንጯ አሁንም ቀይ መሆናቸውን ራሱ ይናገራል። ዓይኑ እውነቱን አግኝቷል፤ እውቀቱ ግን ማንቱዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። የአርስቶትል ሐማርቲያ በትክክል ይህ ነው፦ ዒላማው ፊቱ ቆሞ መሳት።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የመምህራኑ ነው። የ14 ዓመት ልጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ራስን ስለማጥፋት የሚናገር ተውኔት ሲሰጠውም ግልጽ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል ይላሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መሣሪያው ግን አይረዳም። «የሞቱት እንከን ስላለባቸው ነው» የሚለው ትምህርት ጭንቅ ላይ ላለ ተማሪ የሚነግረው ጥፋቱ የራስህ ነው ብሎ ነው። «ማን ያውቅ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግን የሚይዘውን ይሰጠዋል፤ በየትዕይንቱ ስም እየጻፈ ሊከተለው ይችላል፣ ሌላ በር መኖር እንደነበረበትም ያሳየዋል። የመማሪያ ደረጃዎቹም አይከለክሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት የጋራ የትምህርት ደረጃዎች ቢያንስ አንድ የሼክስፒር ተውኔት እንዲነበብ በግልጽ የሚጠይቁት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ «ሮሜዮና ጁልየት» ያስገባው ልማድ ነው፤ በልማድ የገባ ጥያቄ በምክክር ሊለወጥ ይችላል።

ተውኔቱ ራሱ የፍርድ ቃሉን ለገዢው ሰጥቷል። የቬሮናው መስፍን በሬሳዎቹ መካከል ቆሞ ሁላችንም ተቀጣን ይላል፤ ጠባችሁን እያየሁ ዓይኔን ስለጨፈንኩ እኔም ሁለት ዘመዶቼን አጣሁ ብሎ ራሱን ከተጠያቂዎቹ ይቆጥራል። ከበደ ሚካኤል ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ ስለመለሱት፣ ልጃቸው በአሜሪካ ዘጠነኛ ክፍል የሚማርላቸው ወላጆች በራሳቸው ቋንቋ ሊያነቡት ይችላሉ። ልጅዎ የእንከኑን የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ፣ መልሱን ከመጻፉ በፊት ሦስተኛውን ገቢር፣ አምስተኛውን ትዕይንት አብራችሁት አንብቡ።