ሁሉን የሚችል ማቅለጫ? የሴሪየም ሰልፋይድ ጥናት ሲገመገም

አሰላ ገበያ በምትገዙት ላይተር ውስጥ ብልጭታ የምታወጣዋ ትንሽ ድንጋይ በእርግጥ ድንጋይ አይደለችም፤ ሴሪየም ያለባት ቅይጥ ብረት ናት። ሴሪየም "ብርቅዬ" ይባል እንጂ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ብዙም አይርቅም። ከድኝ ጋር ሲጣመር የሚሆነውን ለማወቅ፣ ኢስትማን፣ ብሩወርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት የበርክሌይ ጥናት ዛሬም መነበብ ያለበት ነው።

የጥናቱ ጥንካሬ አንዲት ጥያቄን እስከ መጨረሻ መከተሉ ነው፦ የድኙን መጠን ብንቀይርስ? የሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገር፣ ለሁለት ሴሪየም ሦስት ድኝ የያዘ ቀይ ውህድ ይወጣል። ይህን ከሴሪየም ሃይድራይድ ጋር ቀላቅላችሁ አየር በሌለበት ብታግሉት ደግሞ አንድ ለአንድ የሆነውን ታገኛላችሁ። እሱ ነሐስ የመሰለ ቢጫ ነው፤ አተሞቹ እንደ ገበታ ጨው ተደርድረዋል፤ የሚቀልጠውም በ2450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ኤሌክትሪክም እንደ ብረት ያስተላልፋል። ለምን? ሴሪየም ሊሰጥ ከሚችላቸው ሦስት ኤሌክትሮኖች ድኙ ሁለቱን ብቻ ስለሚወስድ አንዱ ነፃ ሆኖ ይዞራል። በቀዩ ውህድ ግን ሦስቱም ተወስደዋል፤ ስለዚህ አያስተላልፍም።

ቅሬታዬ በጥናቱ ላይ ሳይሆን በአተራረኩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ "ምንም ብረት የማይነካው ማቅለጫ" ተብሎ ይወራል። ልክ አይደለም። ፕላቲነም ከሴሪየሙ ጋር በኃይል ስለሚጣመር ያበላሸዋል፤ በጋለ አየር ውስጥም ወደ ኦክሳይድ ይቀየራል። ሙቀት መቻል ብቻውን አይበቃማ! ሎሚ የአሉሚኒየም ድስት አያቀልጥም፣ ግን ይበላዋል። ፕሉቶኒየም የሚቀልጠው በ640 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዋናው ችግር ማቅለጫው እንዳይበክለው ነበር።

አዎ፣ ፕሉቶኒየም። ሥራው የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ለአቶም ቦምብ ፕሮጀክት ነው። ስለ ውህዱ ውበት ስናወራ ይህን መዝለል የለብንም። ቀዩ ሰልፋይድ በኋላ መርዛማውን የካድሚየም ቀለም በፕላስቲክ ውስጥ የሚተካ ሆኖ ለገበያ መቅረቡም የታሪኩ ሌላ ገጽ ነው።

ጥናቱን አንብቡት፤ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ግን አትሞክሩት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ያጠፋል፣ ይገድላልም።