የማይጣበቀው መጥበሻ

«ዳርክ ዋተርስ» የተባለው የቶድ ሄይንስ ፊልም በ2019 ወጣ (እዚህ የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ነው። ዳሩ ግን እኔ እንደ ታዘብሁት ብዙ ወጣቶች ፊልሙን አይተው ሲወጡ የሚነጋገሩት ስለ መጥበሻ ብቻ ነው። ይህም ታሪኩን በግማሽ መረዳት ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የፊልሙ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ፣ በፓርከርስበርግ አጠገብ፣ ዊልበር ቴናንት የሚባል ከብት አርቢ ነበረ። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ከግጦሹ በላይ ቆሻሻ ይጥል ነበርና ከመቶ የሚበልጡ ከብቶች አለቁበት። በአገሩ የሚሰማው ቢያጣ ሮበርት ቢሎት ለሚባል የሲንሲናቲ ጠበቃ አቤት አለ። ጠበቃው በ1999 ክስ መሠረተ፤ ኩባንያው በሣጥን በሣጥን የላከለትን ወረቀት ሲያገላብጥም ቴፍሎንን ለመሥራት የሚያገለግል ሲ 8 የሚሉት ነገር አገኘ። ኩባንያው ይህ ነገር በአካባቢው የመጠጥ ውሃ ውስጥ መግባቱን በ1984 ዐውቆ ዝም ብሎ ኖሯል።

የፊልሙ ብርታት በዚሁ በወረቀት ንባቡ ላይ ነው። የሩጫና የተኩስ ፊልም አይደለም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ወረቀት ይደረድራል፤ ዓመትም ያልፋል። በነዳጅ ማደያው የሚታየው ባኪ ቤይሊ ደግሞ ተዋናይ አይደለም፤ ራሱ ነው። እናቱ እሱን ፀንሳ በቴፍሎኑ ክፍል ትሠራ ነበር፤ በ1981 ሲወለድ የአፍንጫው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበረ። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው።

የመጥበሻው ነገር ግን ለተመልካቹ ሳይፈታለት ይቀራል። ሲ 8 የፋብሪካ ረዳት ነበር እንጂ ልባሱ ራሱ አይደለም፤ ልባሱ በብርቱ ሙቀት ሲጋገር አብዛኛው ይጠፋል። ዋናዎቹ የአሜሪካ አምራቾችም እስከ 2015 ድረስ ትተውታል። ልባሱ በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይበላሽም፤ ባዶ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከ260 ዲግሪ እጅግ ሲያልፍ ግን ይፈራርሳል፤ ጢሱም የቤት ወፎችን ይገድላል፤ ሰውንም እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያለ ትኩሳት ያሲዛል። (እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሽተው እንጀራውን ሳይጣበቅ ያወጣሉ፤ ለዚህም ወንዝ አልተበከለም።)

አንተ ወጣት ሆይ፤ መጥበሻህን ጥለህ እፎይ ብትል የነገሩን ጫፍ እንኳ አልነካህም። በፓርከርስበርግ ዙሪያ የታመሙት እንቁላል የጠበሱት አይደሉም፤ ውሃ የጠጡት ናቸው። 69 ሺህ ያህል ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው ውጤቱን ዓመታት ጠበቁ፤ የሳይንቲስቶቹም ጉባኤ በ2012 መርምሮ ሲጨርስ የኩላሊትና የቆለጥ ካንሰርን ጨምሮ ስድስት በሽታዎች ከሲ 8 ጋር ሳይገናኙ እንዳልቀሩ አስታወቀ። በ2017 ከ3,500 ለሚበልጡ ከሳሾች 671 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፈል ስምምነት ሆነ፤ ኩባንያው ግን ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ቴናንት ከሞተ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር።