የጨረቃን ጀርባ ፎቶ እንዴት እንመዝን?

የጨረቃን ጀርባ ፎቶ ሊመዝን የተነሣ ሰው መጀመሪያ ጥላ ይፈልግ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ተራራውም ጉድጓዱም እኩል ይሆናሉ፤ የሚቀረው የአፈሩ ንጣትና ጥቁረት ብቻ ነው። የስሜንን ገደሎች በቀትር ፎቶ ያነሣ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

የመጀመሪያው ፎቶ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የሶቪየቷ ሉና 3 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1959 በጨረቃ አጠገብ ስታልፍ ጀርባዋን ከ65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በፊልም አነሣች፤ ፊልሙንም እዚያው ጠፈር ላይ አጥባ ምስሉን በሬዲዮ ላከች። ፀሐይ ከመንኮራኩሯ ኋላ ስለነበረች ጥላ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሊቃውንቱ አንድ ረጅም ነጭ ሰንበር አይተው የተራራ ሰንሰለት መሰላቸው፤ «የሶቪየት ተራሮች» ብለውም ሰየሙት። በኋላ ከቅርብ ሲታይ ተራራ የለም፤ ከክሬተር ተረጭቶ የተነጠፈ ነጣ ያለ አፈር ነበር። ፎቶው ግን ታላቅ ሥራ ነው። ሰው አይቶት የማያውቀውን ገጽ 70 በመቶ ያህል አሳይቷልና።

ምሕዋር ውስጥ ገብተው ካነሡት መካከል እኔ አብዝቼ የማየው አምስቱን የሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች ነው። በ1966 እና በ1967 የጨረቃን ገጽ 99 በመቶ አንሥተዋል። ፊልሙ እዚያው ታጥቦ በቀጭን በቀጭኑ እየተነበበ ስለተላከ ምስሉ ላይ መስመሮች አሉ። መስመሩን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። የአንዱ ክሬተር ጠርዝ መስመሩን ተሻግሮ ሳይሰበር መቀጠሉን እዩ። ሉናር ኦርቢተር 3 ያነሣውን ፂዮልኮቭስኪ ክሬተር ውሰዱ፤ ስፋቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለሉ ቀልጦ በረጋ ጥቁር ዓለት ተሞልቷል፤ መሐሉ ላይ ነጭ ተራራ ቆሟል። በጥሩ ቅጂ ጥቁሩ ወለል ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይቆጠራሉ፤ የተራራው ወገብም ነጭ ሆኖ አልጠፋም። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ያያችሁት ቅጂ ተበላሽቷል።

በሰው እጅ የተነሡት ሌላ ሚዛን ይፈልጋሉ። አፖሎ 8 በዲሴምበር 24 ቀን 1968 ጨረቃን ሲዞር ቢል አንደርስ ያነሣውን የመሬት ንጋት ፎቶ ሁሉም ያውቀዋል። ከፊት ያለው ግራጫ አፈር የጨረቃ ጀርባ ጠርዝ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጥሩ ኅትመት ማለት ሰማያዊዋ መሬት ሳትጮህ ያ አፈርም ግራጫ ሆኖ የሚታይበት ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ኢስት ፖይንት ያለን ሐበሾች ወደ ዲካተር ለገበያ ስንሄድ መንገድ ላይ ፈርንባንክ ሳይንስ ሴንተር አለ፤ በኤፕሪል 1968 ሰው ሳይጭን የተወነጨፈው የአፖሎ 6 ካቢን እዚያ ቆሟል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡና ጠፈርተኞቹ ፎቶ ያነሡበትን ዓይነት መስኮት እዩ። በ1952 ከጆርጂያ ቴክ የተመረቀው ጆን ያንግ በአፖሎ 10 ጊዜ፣ ጓደኞቹ በሌላዋ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ዝቅ ሲሉ፣ እንዲህ ያለ ካቢን ውስጥ ብቻውን ዞሯል። ከጀርባዋ ሲሆን ደግሞ ሬዲዮውም ይቋረጣል። በዚያች መስኮት ተነሥቶ አድማሱ ትንሽ ቢያጋድል ይቅር ማለት ተገቢ ነው። ከአፖሎ 15 እስከ 17 የነበሩት ትላልቅ ካሜራዎች ግን ይቅርታ አይገባቸውም። ጠፈርተኛው በመመለሻው መንገድ ላይ ወጥቶ ፊልሙን ራሱን ስላመጣው፣ በሬዲዮ የጠፋ ነገር የለም።

ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን የሚዞረው የኤል አር ኦ መንኮራኩር ካሜራ ግማሽ ሜትር ድረስ ይለያል። ምስሎቹ ተገጣጥመው ሲቀርቡ ጥላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን መውደቁን አረጋግጡ።

አሁን ጥላ ፈልጉ ያልኩትን የሚያልፍ አንድ ፎቶ አለ። በፌብሩዋሪ 2019 የቻይናዋ ትንሽ ሳተላይት ሎንግጂያንግ 2 የጨረቃን ጀርባና መሬትን ባንድ ላይ አነሣች፤ ምስሉን የተቀበለው በኔዘርላንድስ ያለው የድዊንገሎ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። ጊዜው ከእኛ ወገን ጨረቃ የጠፋችበት ስለነበር ጀርባዋ ሙሉ በሙሉ በርቷል፤ ጥላ የለም። እንዲህ ያለው ፎቶ በቃናው ይመዘናል። ከፊቷ በተለየ ጥቁር ስፍራዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሞስኮ ባሕርና ፂዮልኮቭስኪ ተነጥለው መታየት አለባቸው። ጨረቃ ከሚያርፍባት ብርሃን የምትመልሰው ከመሬት በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ላይ ሲነሡ ደብዘዝ ማለት ያለባት እርሷ ናት። ሁለቱም እኩል የደመቁበት ፎቶ ሲገጥማችሁ አንዱ ተነካክቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዋክብት አለመታየታቸው ግን አያጠራጥርም፤ በርቶ ለሚታይ አፈር የተመጠነ ካሜራ ኮከብ አይይዝም።